ስለት

ሐሙስ ረፋድ ነው፤ ሃይፋ፣ ከቫዲ ሳሊብ ደረጃ ሥር፣
ኢዚዶር ተቀምጧል፣ የሙታንን ዕቃ ሲቸረችር፤
የበር እጀታ፣ የሰው መነጽር፣
መስታወት ውስጥ እንደ ሳቁ የቀሩ ሙሽሮች፣
በራቸውን የማያውቁ፣ አንድ ጣሳ ቁልፎች።

ከጣሳው ግርጌ ሰንጢ አወጣ።
«ሞላ የለውም» አለኝ፣ «እንደ ዛሬዎቹ አይፈናጠርም፤
ዘቅዝቀህ ምላሱን ስትጫን
ስለቱ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል።
ከሰማይ ለሚዘሉ ነው የተሠራው፤
ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ አንድ እጃቸው ቢታሰር፣
በሌላው ገመዱን በጥሰው ይወድቁ ዘንድ ከአፈር።»
የማን ወታደሮች እንደ ነበሩ አልጠየቅሁትም፤
ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ፣ እሱም አልነገረኝም።

ተቀበልሁት።
የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ፤ ብረት በዓይን አይዳኝም።
አባቴ ያየህ፣ ሰቀልት ሳለን፣ መጀመሪያ ያሸተዋል፣
ከዚያ በጥፍሩ ነካ አድርጎ ጆሮውን ይሰጠዋል፤
«የታመመ ብረት ሳል አለው» ይላል።

አሸተትሁት፦ ዘይት፣ የኪስ አቧራ።
ነካሁት፦ ሳል የለበትም፤ ረዥም፣ ንጹሕ ድምፅ።
ጀርባው ቀጥ ያለ፤ ጫፉ ግን አንድ ሰሞን ቆርቆሮ ከፍቷል።
የእጀታው እንጨት በማላውቀው ላብ ጠቁሯል።
ዘቀዘቅሁት። ሸርተት፣ ቀጭ።
ቀና አደረግሁት፤ እንደ ተመከረ ልጅ ተመልሶ ገባ።

ከስለቱ ሥር፣ ማኅተሙ ላይ፣
አንድ ሰው ሞረድ አሳርፎበታል።
«ምልክቱ ቢኖር ሁለት ሺህ ሼቄል ያወጣ ነበር» አለ ኢዚዶር፣
«አሁን ተፍቋል፤ አራት መቶ።»

ቆጠርሁት፤ ዘጠኝ ምት።
የባለሙያ እጅ አይደለም፤ ባለሙያ በአንድ ወገን ይገፋል፣
ይኼ ሄዶ ተመልሷል፣ አልፎ እንጨቱን ጭሯል።
የቸኮለ ሰው ነው። ወይም ያለቀሰ።
ከወፉ የተረፈው የአንድ ክንፍ ጫፍ ብቻ፣
እንደ ዓሣ አጥንት የሳሳ።
«ከማን ገዛኸው?»
«ከሃዳር፣ ከአንዲት መበለት። ባሏ ከሸሚዞቹ ሥር
ሃምሳ ዓመት ደብቆት ኖሮ፣ ያየችው ከቀበረችው በኋላ ነው።»

እኔ የገዛሁት ዘጠኙን ምት ነው።
አራት መቶውን ሳልከራከር ቆጠርሁለት፤
ኢዚዶር ግን ቅር አለው፣ የሰደብሁት መሰለው።

በጋዜጣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁት።
ፌርማታው ላይ ፖሊስ ቆሟል፤ ሁሉን አለፈና እኔ ላይ ዓይኑን ጣለ።
አውቀዋለሁ ያንን ዓይን፤
ቀን ከአባቴ እጅ ማረሻ የተቀበለ ጎረቤት
ማታ ልጁን በጋቢው ሸፍኖ ሲያልፈን ያየን።
እጆቼን አውጥቼ ቆምሁ። ሰንጢው ጭኔ ላይ ከበደ።
አውቶቡስ መጣ።

ቂርያት ያም ጨው ይነፍሳል፤ ብረት አንድ ሳምንት ካልዳሰሱት ያኮርፋል።
ዓርብ ዓርብ በስፌት መኪና ዘይት አብሰዋለሁ።
«አባ፣ ምን ይቆርጥልሃል?» አለች ልጄ ሺራን።
ምንም።
አያቷ ተሳለ ብዬ ልነግራት ጀመርሁ፤
ኢየሩሳሌምን ሊያይ ተሳለ፣ ሱዳን በረሃ ላይ
ስለቱ ሳይቆርጥ ቀረ።
ቃሉን ግን ማስረዳት አቃተኝ፤ በዕብራይስጥ ሁለት ነው፣
አንዱ ለእግዜር፣ አንዱ ለብረት፤
በእኛ አንድ ነው፣ ስለት።

እዚህ መምጣትን መውጣት ይሉታል።
እኔ የማስታውሰው ግን አውሮፕላኑ ሲወርድ፣
ሆዴ ወደ ላይ ሲቀር ነው።

አንዳንድ ሌሊት ተነሥቼ እዘቀዝቀዋለሁ።
ለመውጣት ማንንም አይለምንም፤
ክብደቱ ይበቃዋል።
ያ ሰው፣ እላለሁ፣ ሞረድ ከሚያነሣ ለምን አልጣለውም?
ባሕሩ ከሃዳር ቍልቍል ይታያል፤
ከእኔም ደጅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ቀና አደርገዋለሁ። ይገባል።
ከሸሚዞቼ ሥር እመልሰዋለሁ።